የውኃ ዳር ዕረፍት እንደ ንግድ ሸቀጥ፤ የሻንቶ ነጋዴ ከአባያ ዳርቻ ምን ሊያገኝ ይችላል?

ነጋዴ ስለ ሸቀጥ ሲያስብ አስቀድሞ የሚታየው በጆንያ የሚሰፈር፣ በሚዛን የሚመዘን፣ በከሚዮን የሚጫን ዕቃ ነው። ቡናው፣ ቦሎቄው፣ ቅቤው፣ ቆርቆሮውና ጨርቁ ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። ነገር ግን በዓለም ገበያ ላይ ከእነዚህ ያላነሰ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ፣ በጆንያም በሣጥንም የማይገባ ሌላ ሸቀጥ መኖሩን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ይኸውም ዕረፍት ነው። ከሥራ የደከመ ሰው ጥቂት ቀን ከውኃ አጠገብ ተቀምጦ፣ የመኪናና የስልክ ድምፅ ሳይሰማ፣ ንፁሕ ነፋስ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ለመመለስ በፈቃዱ ገንዘብ ይከፍላል። ዳርቻው ሩቅና ያልተነካ፣ ጸጥታውም የበዛ በሆነ መጠን የሚከፍለው ዋጋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ይህን ነገር በዚህ ጋዜጣ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሻንቶም ሆነች ጠቅላላው የወላይታ አገር፣ ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በስፋት አንደኛ ከሆነው ከአባያ ሐይቅ ብዙ የማይርቅ አገር ነው። ይሁን እንጂ የሻንቶ ነጋዴ ሐይቁን የሚያስበው ወደ አርባ ምንጭ ሲሄድ በመኪና መስኮት እንደሚታይ ውኃ ብቻ ነው። በሐይቁ ዳርና በሻንቶ ገበያ መካከል ያለው የጥቅም ግንኙነት ምን እንደ ሆነ፣ ይህም ጥቅም በምን እንደሚገኝና በምን እንደሚጠፋ ከዚህ በታች በተራ እንገልጻለን።

እንግዳው ገዢ፣ ጸጥታው ዕቃ

አንድ የውጭ አገር ሰው የኢትዮጵያን ቡና በአገሩ ሆኖ ቢገዛ ላኪው ወደብ ድረስ ማጓጓዝ፣ የመርከብ ኪራይ መክፈልና የመድን ውል መዋዋል ግድ ይሆንበታል። ያው ሰው ግን ራሱ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ያንኑ ቡና በሐይቅ ዳር ተቀምጦ ቢጠጣ፣ የውጭ ምንዛሪው በራሱ ሰው እጅ ተይዞ ከቤታችን ይገባል። ዕቃው ከአገር ሳይወጣ የወጪ ንግድ ተፈጸመ ማለት ነው። የገንዘብ ሊቃውንት ይህን «የማይታይ ወጪ ንግድ» ይሉታል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ገንዘብ የያዘ እንግዳ በአንድ ዶላር ከቀድሞው ብዙ ብር ስለሚመነዝር፣ ይህ ነገር ለሆቴሉም ለአቅራቢውም ነጋዴ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባ ሆኗል።

የአገር ውስጥ እንግዳም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ወይም የሐዋሳ ቤተሰብ ሦስት ሌሊት በሐይቅ ዳር ቢያድር፣ በከተማ የተገኘ ገንዘብ ወደ ገጠር ገበያ ወረደ ማለት ነው። የውጭው እንግዳ በጦርነት ወይም በወረርሽኝ ምክንያት በሚቀርበት ዓመት ሆቴሉን ከመዘጋት የሚያድነው የአገሩ ሰው መሆኑ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ አገር ለአገር መንገድ በዘጋ ጊዜ በሚገባ ታይቷል።

«ባሕር ዳር» ለእኛ ምን ማለት ነው?

አገራችን የባሕር ጠረፍ በነበራት ዘመን የውኃ ዳር ዕረፍት ሲባል ለብዙ ሰው የሚታሰበው የምፅዋ አሸዋና የዳህላክ ደሴቶች ነበሩ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ሆኖም ሕዝባችን ትልቅ ሐይቅን ከጥንት ጀምሮ «ባሕር» ብሎ የመጥራት ልማድ እንዳለው የጣና ዳሯ የባሕር ዳር ከተማ ስም ራሱ ምስክር ነው። እንግዲህ ጨው የሌለው ውኃ ቢሆንም፣ አሸዋና ዛፍ፣ ፀሐይና ነፋስ፣ ዓሣና ታንኳ ያለው ዳርቻ አላጣንም።

የአገር ጉብኝት ሥራ በመንግሥት ደረጃ በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ሲቋቋም፣ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለውን መጠሪያ ለኢትዮጵያ እንዳወጡላት የታወቀ ነው። በዚህ ቃል ውስጥ የንግድ ብልሃት አለ። ዓመቱን ሙሉ ለእንግዳ የተመቸ አየር አለን ማለት በሌላ አነጋገር ሱቃችን በየወሩ ክፍት ነው ማለት ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርም ሆቴል መሥራት የንግድ ሰው ተግባር ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ካሳዩት ሰዎች አንዱ አቶ በቀለ ሞላ ናቸው። በላንጋኖ ዳርና አባያንና ጫሞን ቁልቁል በሚያሳየው በአርባ ምንጩ ኮረብታ ላይ ያቆሟቸው ሆቴሎች ስማቸውን እስከ ዛሬ ያስጠራሉ።

ሦስቱ ሐይቆች፣ ሦስት ልዩ ልዩ ዕቃ

አንድ ባለመደብር አቡጀዲንና ሐርን በአንድ ስም እንደማይሸጥ ሁሉ፣ ሐይቆቻችንንም በአንድ ስም መሸጥ አይገባም። እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ውኃው ቡናማ ቢሆንም ከቢልሃርዝያ ነፃ መሆኑ ስለሚታወቅ ዋነኛው ዋጋው ዋና ነው። ሰው ልጆቹን ይዞ የሚሄደው ይዋኙ ብሎ ነው። ለዋና ከተማው ቅርብ በመሆኑም ዓርብ ማታ ይሞላል፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ባዶ ይሆናል።

የሐዋሳ ሐይቅ የከተማ ሐይቅ ነው። እንግዳው ከሆቴሉ ወጥቶ በእግሩ ይንሸራሸራል፣ በዓሣ ገበያው የተጠበሰ ዓሣ ይበላል፣ ማታ ወደ ከተማው መብራት ይመለሳል። ዕረፍትና ጨዋታ በአንድነት የሚፈልግ ሰው ወደዚያ ይሄዳል።

አባያ ግን ከሁለቱም ይለያል። ስፋቱ 1,160 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጥልቀቱ እጅግ በበዛበት ስፍራ 13 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ውኃው ጥልቀት ስለሌለውና ነፋሱ ከሥር ያለውን ደቃቅ አፈር ስለሚያነሣው መልኩ ቀይ ቡናማ ነው። አዞና ጉማሬ ይኖርበታል። በውስጡ ካሉት ደሴቶች አንዱ ጊዲቾ ይባላል። በደቡብ በኩል «የእግዜር ድልድይ» የተባለው ከፍተኛ ቦታ ከጫሞ ሐይቅ ይለየዋል።

እንግዲህ እዚህ ላይ የንግድ እውነተኛነት ይፈተናል። አባያ የዋና ሐይቅ አይደለም። አዞ ባለበት ውኃ እንግዳን «ግባና ዋኝ» ማለት የሰውን ሕይወት ለአደጋ መስጠት ነው፤ ከዚያም በላይ የዳርቻውን ስም ለዘለዓለም ማጥፋት ነው። አባያ የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ሰፊ እይታ፣ በማለዳ ከተራሮቹ በላይ የሚወጣ ፀሐይ፣ የወፍ ብዛት፣ ልምድ ባለው ባለታንኳ የሚደረግ ጉዞ፣ ከሁሉም በላይ ጸጥታ ነው። መዋኘት ለሚፈልግ እንግዳ ሆቴሉ ከውኃው ከፍ ባለ ቦታ ገንዳ ይሥራለት። ዕቃን በሌለው ባሕርይ ማወደስ አንድ ጊዜ ያሸጣል እንጂ ሁለተኛ ገዢ አያመጣም።

ከደጋ ወደ ዳርቻ

ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መንገዱ ከሶዶ ወደ ሁምቦ ይወርድና በምዕራብ አባያ በኩል የሐይቁን ምዕራባዊ ዳር ይዞ ይሄዳል። ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የሐይቁ ዳር ከ1,200 ሜትር ብዙ የማይበልጥ ነው። ስለዚህ መንገደኛው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከእንሰትና ከገብስ አገር ተነሥቶ ወደ ሙዝና ወደ ማንጎ አገር ይወርዳል። ይህ የአየር መለዋወጥ ራሱ ለእንግዳው ዕረፍት ሲሆን፣ ለነጋዴው ደግሞ የገበያ ምክንያት ነው። ቆላው የሌለውን ደጋው ያመርታል፣ ደጋው የሌለውን ቆላው ያመርታል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተቋቁሞ ሶዶ የክልሉ ዋና መቀመጫ መሆኗ ደግሞ የመንገደኛውን ቁጥር ጨምሮታል። ለስብሰባና ለሥራ ጉዳይ ወደ ሶዶ የሚመጣ ሰው ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ሁለት ቀን የሚያርፍበትን ቦታ ይፈልጋል። ይህ ሰው አስቀድሞ ደጃችን ደርሷል፤ የጎደለው ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው ነው።

የሻንቶ ገበያ ከዚህ ምን ያገኛል?

ነገሩን በቁጥር ብናስበው ይበልጥ ይገባናል። ለስሌት ያህል፣ በሐይቁ ዳር 20 ክፍል ያለው አንድ መጠነኛ ማረፊያ አለ እንበል። ከክፍሎቹ እኩሌታው ብቻ ቢያዝ፣ በአንድ ክፍልም ሁለት ሰው ቢያድር፣ በቀን 20 እንግዳ ይሆናል። እያንዳንዱ እንግዳ ለቁርስ ሁለት ዕንቁላል ቢበላ በቀን 40፣ በ30 ቀን 1,200 ዕንቁላል ያስፈልጋል። በቀን ሦስት ስኒ ቡና ቢጠጣና ለአንድ ስኒ 10 ግራም ብንይዝ፣ በቀን 600 ግራም፣ በወር 18 ኪሎ የተቆላ ቡና ይሆናል። ግማሽ ግማሽ አቮካዶ ቢቀርብላቸው በወር 300 ፍሬ ይፈጃል። ለሠራተኛው የሚቀርበው ምግብ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ቅቤው፣ ሥጋው፣ ድንቹ፣ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና የወላይታ ሰው በጥሬ ሥጋ የሚበላው ዳጣ ሁሉ ከዚህ በላይ ናቸው።

ይህ ከአንድ መጠነኛ ቤት ብቻ የሚገኝ ገበያ ነው። እንዲህ ያሉ አምስት ቤቶች በዳርቻው ላይ ቢኖሩ በወር 6,000 ዕንቁላል ይሆናል። ይህን ሁሉ ዕንቁላል ከአዲስ አበባ በመኪና ማምጣት ሞኝነት ሲሆን፣ ከዳሞት ደጋ ማቅረብ ግን የቅርብ ሰው ዕድል ነው።

ነገር ግን የሆቴል ገበያ የሳምንት ገበያ አይደለም። በሳምንት ገበያ ሻጭ ያመጣውን ያመጣል፣ ገዢም ያገኘውን ይገዛል። ሆቴል የሚፈልገው ግን በተነገረው ቀን፣ በተነገረው መጠን፣ በአንድ ዓይነት ጥራት የሚደርስ ዕቃ ነው። አንድ ሣጥን ዕንቁላል ውስጥ አምስት የተበላሸ ቢገኝ የሆቴሉ ወጥ ቤት ኃላፊ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አቅራቢ ይፈልጋል። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭም ቢሆን፣ ሆቴሉ ወጪውን ለግብር ሰብሳቢው ማስረዳት ስላለበት፣ ዋጋው ርካሽ እንኳ ቢሆን ተመራጭ አይሆንም። ከዚህም ሌላ ብዙ ሆቴሎች ሒሳባቸውን የሚዘጉት በወር መጨረሻ ነው። ስለዚህ አቅራቢው የአንድ ወር ዕቃ በዱቤ የሚያቆይበት የራሱ ገንዘብ ሊኖረው ይገባል። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ነጋዴ በትርፍ መዝገብ ላይ እያለ በጥሬ ገንዘብ እጦት ሱቁን ሊዘጋ ይችላል።

ለአንድ ነጋዴ ብቻውን የሚከብደው ለብዙዎች በአንድነት ይቀላል። ሦስት ወይም አራት የሻንቶ ነጋዴዎች ተስማምተው አንዱ ዕንቁላልና ዶሮ፣ ሁለተኛው አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሦስተኛው ቅቤና ቅመም ቢሰበስብና ሁሉንም በአንድ መኪና በሳምንት ሁለት ቀን ቢያወርዱ፣ የማጓጓዣው ወጪ ይከፋፈላል። መኪናውም ባዶውን አይመለስም። ከቆላው ሙዝና ማንጎ፣ ከሐይቁም ዓሣ ይዞ ወደ ደጋው ይወጣል።

አስመጪዎችና ባለመደብሮችም የሚያገኙት ድርሻ አለ። ከላይ ለምሳሌ የወሰድነው ባለ20 ክፍል ማረፊያ 40 አልጋ ቢኖረውና ለእያንዳንዱ አልጋ ሦስት ተለዋዋጭ አንሶላ ቢይዝ 120 አንሶላ ይፈልጋል። የሐይቁ ዳር ወባ ያለበት ቆላ በመሆኑ አጎበር የግድ ነው። ፎጣ፣ ፍራሽ፣ የፀሐይ ኃይል መብራት፣ የውኃ ማጣሪያ፣ የታንኳ ሞተርና የሕይወት አድን ጃኬት ተፈላጊ ዕቃዎች ናቸው። በተለይ የመጨረሻው እንደ ጌጥ የሚታይ አይደለም። ጃኬት የሌለበት ታንኳ እንግዳ ሊጫንበት አይገባም።

የማልዲቭ ምሳሌ

በሕንድ ውቅያኖስ ያሉት የማልዲቭ ደሴቶች የመጀመሪያውን የእንግዳ ማረፊያ የከፈቱት በ1965 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በዓሣ የሚተዳደር ሩቅ አገር ነበሩ። ዛሬ ስማቸው በዓለም ሁሉ የታወቀ የውኃ ዳር ዕረፍት ምልክት ሆኗል። አንዱ ብልሃታቸው በአንድ ደሴት ላይ አንድ ማረፊያ ብቻ እንዲሠራ ማድረጋቸው ነው። እንግዳው የሚከፍለው ጎረቤት ባለመኖሩ እንደ ሆነ ስለገባቸው፣ ጎረቤት እንዳይሠራ ከለከሉ። ዕቃቸውን በማብዛት ፋንታ ብርቅነቱን ጠበቁ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ማልዲቭ ሌላም ትምህርት አለው። መሬቱ ጥቂት አሸዋ ብቻ በመሆኑ እንግዳው ከሚበላው አብዛኛው ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። ስለዚህ ከእንግዳው የተገኘው ገንዘብ ከፊሉ ለምግብ፣ ለነዳጅና ለዕቃ ግዢ ተመልሶ ይወጣል። በዚህ ረገድ አባያ ከማልዲቭ ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም። ከአሸዋው ጀርባ ሙዝ፣ ከሙዙ በላይ በቆሎ፣ ከበቆሎው በላይ ቡናና እንሰት፣ ከዚያም በላይ ገብስና ቅቤ አለ። የእንግዳው ብር ከሐይቅ ዳር ተነሥቶ ወደ ሶዶ፣ ከሶዶም ወደ ሻንቶ ይወጣል እንጂ በመርከብ ወደ ሌላ አገር አይሄድም። ይህ የሚሆነው ግን ነጋዴው ለመሸጥ ሲዘጋጅ ነው። ካልተዘጋጀ ሆቴሉ የታሸገ ጭማቂና የታሸገ ማር ከሩቅ ያስመጣል፣ የእኛ ማንጎም በዛፉ ሥር ይበሰብሳል።

ዕቃውን የሚያበላሸው ምንድር ነው?

ያረጀ ሸቀጥ በአዲስ ይተካል። የተበላሸ ዳርቻ ግን በቀላሉ አይተካም። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ የነበረ ሐይቅ ነው። ለመስኖና ለከተማ ውኃ ከመጠን በላይ ስለተቀዳና ከዙሪያው ኮረብታ የወረደው አፈር ስለሞላው፣ በ1990ዎቹ ዓመታት ውስጥ እስከ መድረቅ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ውኃው በከፊል ቢመለስም ዳሩ ላይ የነበረው ንግድ እንደ ነበረ አልተመለሰም። የአቢጃታ ሐይቅም በሶዳ አሽ ምርትና ከገባር ወንዞቹ ለመስኖ በሚጠለፈው ውኃ ምክንያት ዳርቻው ወደ ውስጥ እየሸሸ ሄዷል። በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. የታየው እምቦጭ የተባለው አረም ደግሞ የአባያንም ውኃ ነክቷል። አረሙ በወፍራሙ ከተኛ ታንኳ አይሄድም፣ ዓሣም አይጠመድም፣ እንግዳም አይመጣም።

ከእነዚህ ሁሉ ለሻንቶ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው የአፈሩ ጉዳይ ነው። የብላቴ ወንዝ ከጉራጌና ከስልጤ ተራሮች ተነሥቶ በሐላባና በወላይታ ምሥራቅ በኩል አልፎ ወደ አባያ ይገባል። ከዳሞት ደጋ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ጎርፍም ወደዚሁ ወንዝ ይገባል። በክረምት የሻንቶ ገበሬ ማሳ ታጥቦ ገደል ሲሆን፣ የሄደው አፈር አልጠፋም፤ በአባያ ውስጥ ተኝቷል። ስለዚህ ነጋዴው ሁለት ጊዜ ይከስራል። አንድ ጊዜ ገበሬው የሚሸጥለት ምርት ሲያንስ፣ ሁለተኛም ምርቱን የሚገዛው የሐይቅ ዳር ሆቴል ዳርቻው በደለል ሲሞላበት ይከስራል። «ሐይቁ ከእኛ ሩቅ ነው» የሚል የሻንቶ ሰው ቢኖር፣ አፈሩ በየዓመቱ እዚያ እንደሚደርስ ያስታውስ።

ደግነቱ መድኃኒቱም በራሱ በወላይታ ምድር ተሞክሮ ታይቷል። በሁምቦ ተራራ ላይ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ በተካሄደው ሥራ፣ ነዋሪዎቹ በሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ከከብትና ከምሳር ከለሉ። አዲስ ችግኝ ከመትከል ይልቅ በመሬት ውስጥ ሥራቸው ያልሞተ የቀድሞ ዛፎች ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ አደረጉ፣ የበቀለውንም እየገረዙ አሳደጉ። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት መዝገብ ላይ ሲመዘገብ፣ የዓለም ባንክ የካርቦን ገንዘብ ድርጅት 165,000 ቶን የካርቦን መጠን ለመግዛት ተዋዋለ። እንግዲህ የሁምቦ ገበሬዎች ዛፍ ሳይቆርጡ ዛፍን ለውጭ አገር ሸጡ ማለት ነው። ይህም ከላይ ከጠቀስነው ከማይታየው ወጪ ንግድ ወገን ነው። ተራራው አረንጓዴ ሲለብስ ከሥሩ ወዳለው ሐይቅ የሚወርደው አፈር ይቀንሳል፤ ከሐይቁ ዳር ወደ ተራራው የሚያይ እንግዳም የሚያየው ያምራል። አንድ ሥራ ሦስት ትርፍ አመጣ።

የዳር ሰው ድርሻ

ሌላም ዳርቻን የሚያበላሽ ነገር አለ። በላንጋኖ ምሥራቃዊ ዳር፣ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ የተሠራው ቢሻንጋሪ የተባለው ማረፊያ ብዙ እንግዳ የሚወደው ቦታ ነበር። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በተነሣው ሁከት ጊዜ ተቃጠለ። የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ቀን አመድ ሆነ። ከዚህ የምንማረው የዕረፍት ንግድ ከሁሉ አስቀድሞ የሰላም ንግድ መሆኑን ነው። ቡና በመጋዘን ተቆልፎ የሁከትን ቀን ሊያሳልፍ ይችላል። ጸጥታ ግን በመጋዘን አይቆለፍም።

ሰላም ደግሞ በዘበኛ ብቻ አይጠበቅም። ዓሣ አጥማጁ መረቡን የሚጥልበት፣ ከብት ጠባቂው ላሞቹን የሚያጠጣበት፣ ሴቶች ውኃ የሚቀዱበት ዳርቻ በአጥር ተከልሎ «የእንግዳ ነው» ቢባል፣ የአካባቢው ሰው እንግዳውን እንደ ባለጋራ ያየዋል። የባለታንኳው ኪራይ፣ የዓሣ አጥማጁ ዓሣ፣ የሸማኔው ጥበብ፣ የወጣቱ የመንገድ መሪነት ክፍያ በየዕለቱ ከሆቴሉ ወደ መንደሩ የሚፈስ ከሆነ ግን፣ መንደሩ ሁሉ የሆቴሉ ዘበኛ ይሆናል።

ለነጋዴዎቻችን የምናቀርበው ምክር

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ. የሻንቶና የአካባቢዋ ነጋዴዎች የሆቴል አቅራቢ ለመሆን ሲያስቡ፣ አስቀድመው በአንድ ወይም በሁለት ዕቃ ጀምረው ጥራቱንና ቀኑን መጠበቅ ይልመዱ። ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ ቃል ገብቶ አንዱንም አለማድረስ ስምን ያጠፋል።

2ኛ. በአንድ ምርት ብቻ መታመን አይገባም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የዝንጅብል ማሳዎችን ያጠወለገው በሽታ በወላይታና በከምባታ ያሉ ብዙ ነጋዴዎችን እንዴት እንደ ጎዳ የሚረሳ አይደለም። የሐይቅ ዳር ገበያም እንደዚሁ የተጨማሪ ገቢ ምንጭ እንጂ ብቸኛ ተስፋ መደረግ የለበትም።

3ኛ. የእንግዳ ወራትን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው የበጋ ወቅት፣ የገናና የጥምቀት ሰሞን፣ የፋሲካም በዓል እንግዳ የሚበዛባቸው ናቸው። በመስከረም የሚከበረው የወላይታ ጊፋታ ደግሞ በዓሉን ለማየት የሚመጣውን እንግዳ ጥቂት ቀን ጨምሮ ወደ ሐይቁ እንዲወርድ የሚጋብዝ መልካም አጋጣሚ ነው።

4ኛ. ሆቴል ለመሥራት ገንዘብ ያላቸው አባሎቻችን ከውኃው ራቅ አድርገው፣ ከዛፍ ቁመት ሳያስበልጡ፣ ቆሻሻቸውንም ወደ ሐይቁ ሳይለቁ ይሥሩ። በአንድ ዳርቻ ተጨናንቀው የሚሠሩ አሥር ሆቴሎች እርስ በርሳቸው ጸጥታውን ይገድሉታል፤ ያን ጊዜ የሚቀራቸው በዋጋ መፎካከር ብቻ ነው።

5ኛ. ነጋዴው የተፋሰስ ሥራን የገበሬው ጉዳይ ብቻ አድርጎ አይመልከተው። እርከን ለመሥራትና የተጎዳ መሬት ለመከለል በሚደረገው ዘመቻ አካፋና ዶማ በማቅረብም ሆነ በገንዘብ ቢረዳ፣ የራሱን የነገ ዕቃ እንደ ጠበቀ ይቁጠረው።

በመጨረሻም፣ ነጋዴ ዋና ገንዘቡን እየበላ አተረፍኩ ቢል ራሱን እንደሚያታልል ሁላችንም እናውቃለን። የአባያ ዳርቻ ጸጥታና ንጽሕና የዚህ ንግድ ዋና ገንዘብ ነው፤ እንግዳው የሚከፍለው ወለዱን ነው። ዋናውን ሳንነካ በወለዱ ብቻ ብንነግድ፣ የሻንቶ ዕንቁላልና ቅቤ፣ የሶዶ ሱቅና የሐይቁ ዳር ታንኳ ለልጆቻችንም እንጀራ ይሆናሉ። ዋናውን ከበላን ግን የሚቀረን፣ በአንድ ወቅት እንግዳ ይመጣበት የነበረ ጭቃማ ዳርቻ ብቻ ነው።